«ሽንት ቤታችን ሞልቶ አያውቅም» የምትሉ ስሙኝማ፦ ታዲያ ፍሳሹ የት ሄደ?



የዛሬው ትምህርት ስለ ፍሳሽ ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ በልታችሁ ስትጨርሱ ተመለሱበት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ገጠር ወላጅ ያለው፣ ገጠር ቤት እያሠራ ያለ ወይም ለማሠራት ያሰበ ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

በቅርቡ አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቼ ነው የማካፍላችሁ። እሱ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ እናቱ ደግሞ ደጋ ገጠር ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት «እማዬ በዚህ ዕድሜዋ በጨለማ ጓሮ መውጣት የለባትም» ብሎ ጥሩ ሽንት ቤት አሠራላቸው። ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ በውሃ የሚለቀቅ፣ ከላዩ ሮቶ ያለው። ከኋላው 6 ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ ክዳኑ በቤቶን ተደፈነ።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ እማዬ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ተባለች። መርፌውንም ክኒኑንም ጨርሳለች። ትንሽ ይሻላትና መልሶ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ያስቀምጣታል። አብረዋት ያሉት የእህቴ ልጆችም እንደዛው ናቸው። ከዚህ የበረታ መድኃኒት ምን አለ?»

እኔ ከመድኃኒቱ በፊት የግቢውን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ሽንት ቤቱን ፎቶ አንስቶ ላከ፤ እውነትም ያምራል። ፎቶው ጥግ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ፦ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ ከነመቅጃ ባልዲው። «በሁለቱ መሃል ስንት እርምጃ አለ?» አልኩት። «12 ቢሆን ነው» አለኝ። «የቱ ነው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው?» ስለው «ሽንት ቤቱ ትንሽ ከፍ ይላል» አለኝ። ከዚያ በኩራት ጨመረልኝ፦ «ዶክተር፣ ሽንት ቤቱ ግን ችግር የለበትም። ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ስንቴ እንደሰማኋት! ከተማም ገጠርም እንደ ምስጋና ነው የምትነገረው። ዛሬ ግን እንደ በሽታ ምልክት አድርገን እንድናያት ነው የምፈልገው።

ስለ ታይፎይዱ አንዲት ነገር ልበልና ልለፍ። በብዙ ክሊኒክ «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ከዚህ በፊት ታይፎይድ ይዞት የነበረን፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ስለዚህ እናቱ ሦስቴም ታይፎይድ ነበረባቸው ብዬ አልምልም። ጃርዲያም፣ አሜባም፣ ሌላ ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል። ስሙ ምንም ይሁን፣ የእናቱም የልጆቹም ሕመም እየተመላለሰ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሰዎች በየወሩ አብረው ሆዳቸውን ከታመሙ ደግሞ ዓይናችን ከመድኃኒቱ ተነስቶ ወደ ውሃው መሄድ አለበት።

አሁን ወደ ሂሳብ እንግባ። ቀላል ሂሳብ ነው።

በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ያለው ቤት ውስጥ 5 ሰው ይኖራል እንበል። አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ብቻ ወደ ጉድጓዱ ቢለቅ (ሻወር ካለ ከዚህ በጣም ይበልጣል) በቀን 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል ይገባል። በዓመት 365 በርሜል። ከዚህ ውስጥ ታች ረግቶ የሚቀረው ደለል በሰው በዓመት 40 ሊትር ገደማ ነው፤ ለ5 ሰው አንድ በርሜል ማለት ነው። ሌላው 364 በርሜል የት ሄደ? አልተነነም፤ ከላይ ተደፍኗል። መጣጭ መኪናም አልመጣም። ወደ መሬት ገብቷል። የገባበት መሬት ደግሞ ከ12 እርምጃ በኋላ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት መሬት ነው።

ፈሳሽ ወደ መሬት መስረጉ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዳትደነግጡ። በትክክል የተሠራ ሴፕቲክ ታንክም ፈሳሹን በመጨረሻ ለአፈር ነው የሚሰጠው። ጥያቄው በምን ዓይነት አፈር ውስጥ አልፎ፣ ምን ያህል ርቀት ተጉዞ፣ ማን ጋ ደረሰ ነው።

ሴፕቲክ ታንክ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። ቆሻሻ ይገባል፣ ንጹሕ ይወጣል ብሎ የሚያስብ አለ። እንደዛ አይደለም። የጠላ ጋን አስቡ (ይቅርታ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም!)። ከባዱ ነገር አተላ ሆኖ ታች ይቀመጣል፣ ቅባትና አረፋው ላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ላይ ያለው ፈሳሽ ደግሞ በቱቦ ይወጣል። ታንኩ ማስቀመጫና ማረጋጊያ ነው። ፈሳሹ ውስጡ የሚቆየው ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ቀን ነው፤ በ2 ቀን ውስጥ አብዛኛው ጀርም አይሞትም። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ሲታይ ሳሳ ያለ ይመስላል እንጂ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ ቫይረስና ጥገኛ ተውሳክ ሞልቶበታል። አንዲት የወስፋት ትል በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

እውነተኛው ማጣሪያ አፈሩ ነው። ፈሳሹ ቀስ እያለ፣ አየር ባለበት አፈር ውስጥ ሲያልፍ ትልልቆቹ ተውሳኮች ይጠለላሉ፣ ቫይረሶቹ የአፈር ቅንጣት ላይ ይጣበቃሉ፣ የአፈሩ የራሱ ባክቴሪያዎች ደግሞ የቀረውን ይበሉታል። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ አፈሩ መጠጣት አለበት፣ ግን ቀስ ብሎ መጠጣት አለበት። ጨርሶ የማይጠጣ አፈር ፍሳሹን ወደ ላይ ይመልሰዋል። በአንድ ትንፋሽ የሚውጥ መሬት (ጠጠር፣ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ) ደግሞ ሳያጣራ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ተከታታያችን ጋ የሆነው ሁለተኛው ነው። ቆፋሪዎቹ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ጨርሰው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ስንጥቅ አገኙ። ባልዲ ውሃ ቢያፈሱበት ዋጠው። «በቃ፣ ይሄ አይሞላም» ብለው ተደሰቱ። እነሱ ላይ አልፈርድም፤ የታዘዙት የማይሞላ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ነው። ያ ስንጥቅ ግን የታችኛውን ውሃ ከሚያገናኘው መንገድ አንዱ ነው።

ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። ዶክተር ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት እየቆጠረ አብዛኞቹ በአንድ የእጅ ፓምፕ ዙሪያ መሆናቸውን አሳየ፤ የፓምፑ እጀታም ተነቀለ። ይህንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ፓምፑ እንዴት ተበከለ? ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ቄስ ተከታትሎ ደረሰበት። ፓምፑ ፊት ለፊት ያለ ቤት ውስጥ አንዲት ሕፃን በተቅማጥ ታማ ነበር፤ እናቷ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ የቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ትደፋው ነበር። ጉድጓዱ ሲፈተሽ የጡብ ግንቡ በስብሶ ተገኘ። ከውሃው ጉድጓድ ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ያነሰ ነበር። ያም ጉድጓድ ከላይ ሲታይ ችግር ያለበት አይመስልም ነበር።

«ይሄ የድሮ ነው፣ ወይ የድሃ አገር ነው» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ዛሬዋ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። አላባማ ውስጥ በሴልማና በሞንትጎመሪ ከተሞች መካከል ሎውንደስ የሚባል የገጠር አውራጃ አለ። ነዋሪው አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ቤቶቹ የተበታተኑ ስለሆኑ የከተማ ፍሳሽ መስመር አይደርሳቸውም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሴፕቲክ እንዲሠራ ይጠበቃል። አፈሩ ግን ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኛ አገር መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ አልጠጣም ይላል፣ ፍሳሹም ወይ ግቢው ላይ ይተኛል፣ ወይ በመታጠቢያው በኩል ወደ ቤት ይመለሳል። ለእንደዚህ ዓይነት አፈር የሚሆን ልዩ ሲስተም ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ከሽንት ቤቱ አንድ ፕላስቲክ ቱቦ ስቦ ጓሮ ላይ ለቀቀው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በዚያ አውራጃ ከ55 ሰዎች ሰገራ ወስዶ በ19ኙ ላይ የሁክዎርም ምልክት አገኘ። ናሙናው ትንሽ ነው፣ ለመላው አውራጃ አይናገርም። ግን ሁክዎርም! በባዶ እግር ቆዳ በኩል የሚገባ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ፣ ሕፃናትንና እርጉዞችን ለደም ማነስ የሚዳርግ ትል ነው። እኛ ተማሪ ሳለን የሐሩር አገር በሽታ ብለን የተማርነው ነው። ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ የምትባል የዚያው አካባቢ ተወላጅ ለዓመታት ስትጮህ ከርማ ጉዳዩ የፌዴራል ፍትሕ መሥሪያ ቤት ደረሰ። በ2023 ከስቴቱ ጤና ቢሮ ጋር ስምምነት ተፈረመ፣ በ2025 ደግሞ መንግሥት ሲቀየር ስምምነቱ ተሰረዘ። በነገራችን ላይ አሜሪካ ከ5 ቤት 1 ያህሉ ከከተማ መስመር ውጭ በሴፕቲክ የሚጠቀም ነው። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቤት ስትገዙ ሴፕቲክ አለው ወይ፣ መቼ ተመጠጠ፣ የት ነው የሚሰርገው ብላችሁ ጠይቁ። በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መመጠጥ አለበት።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። እውነት ለመናገር ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ቀላል የማይባል ነገር ሠርታለች። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ 92 በመቶ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወረደ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጡት ለውጥ ነው። ግን ጉድጓድ መቆፈሩ ግማሽ መንገድ ነው። በተለይ አሁን ልጆች ከከተማም ከውጭም ገንዘብ እየላኩ ደረቁን ሽንት ቤት በውሃ በሚለቀቅ ሲቀይሩት ጉድጓዱ የሚሸከመው ፈሳሽ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ውሃ ጀርምን ይዞ የሚጓዝ መኪና ነው በሉት። ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀረው ነገር ውሃ ሲያገኝ መንገድ ይጀምራል።

ስለዚህ ብዙ ሰው የማይወድልኝን ነገር ልናገር፦ አፈሩና ቦታው ካልተመቸ በደንብ የተሠራ ደረቅ ሽንት ቤት በሴራሚክ ካጌጠ መጥፎ ሴፕቲክ ይሻላል። ለጤና ማለቴ ነው። ለዓይን አላልኩም።

ቦታው ይመች አይመች እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ ርቀት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ ቦታውም ከውሃው ወደ ታች ባለው ተዳፋት በኩል ይሁን። የጉድጓዱ ወለል ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በበጋ ለክቶ ነው። ሚያዝያ ላይ 8 ሜትር የወረደው ውሃ ነሐሴ ላይ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የአካባቢውን ሽማግሌ «ክረምት ላይ ጉድጓዳችሁ የት ድረስ ይሞላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከማንም መሐንዲስ በፊት እሳቸው ያውቁታል። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን 30 ሜትርም ዋስትና አይሆንም፤ በስንጥቅ ውስጥ ውሃ በፍጥነትና በሩቅ ይሄዳል።

ቀጥሎ አፈሩን መፈተን ነው። መሣሪያ አያስፈልገውም። ፍሳሹ በሚሰርግበት ጥልቀት ልክ 30 ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሞልታችሁ ሌሊቱን እየጨመራችሁ አሳድሩት። ይቺ ማሳደር ወሳኝ ናት፦ መረሬ በደረቁ ጊዜ በስንጥቁ ውሃውን ዋጥ ያደርገውና «ይጠጣል» ያሰኛችኋል። ሲያብጥ ነው እውነቱ የሚታየው። በማግሥቱ 15 ሳንቲም ያህል ውሃ ጨምሩበትና በማስመሪያ ለኩ። ውሃው 2 ሳንቲም ተኩል ለመውረድ ከ1 ሰዓት በላይ ከፈጀበት አፈሩ አይጠጣም፤ የማስረጊያ ቦይ እዚያ አይሠራም። ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከወረደ ደግሞ አያጣራም። መሃል ላይ ከሆነ እሰየው! ሁለት ክፍል ያለው፣ ወለሉና ግድግዳው የተለሰነ ታንክ፣ መውጫው ላይ አረፋው እንዳያመልጥ ቲ ቅርጽ ያለው ቱቦ፣ ከዚያ ጠጠር የተነጠፈበት ጥልቀት የሌለው ረጅም ቦይ። ቦዩ ጥልቀት እንዳይኖረው የምንፈልገው አየርና ሕይወት ያለው አፈር ከላይ ስለሆነ ነው። 6 ሜትር ወርዶ መቆፈር ከማጣሪያው አልፎ መሄድ ነው።

አፈሩ ካልተመቸስ? አንደኛው አማራጭ ከላይ አሸዋማ አፈር አምጥቶ ጉብታ ሠርቶ ፍሳሹን በጉብታው ውስጥ ማስረግ ነው። ይሠራል፣ ግን ውድ ነው፣ ባለሙያም ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ እኔ ለአብዛኛው የገጠር ቤት የምመርጠው፣ ሁለት ጉድጓድ ያለው ደረቅ ሽንት ቤት ነው። አንዱ ሲሞላ ይዘጋል፣ ወደ ሌላው ይዞራል። በተጠቀሙ ቁጥር አመድ ይነሰነሳል፤ ጠረኑንም ዝንቡንም ይቀንሳል። የውሃ ከፍታ ያለበት አካባቢ ከሆነ ጉድጓዱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በግንብ መሥራት ይቻላል። የተዘጋው ጉድጓድ ደጋ ላይ ሁለት ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ አብዛኛው ጀርም ያልቃል፣ ለዛፍና ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ረጅም የአየር ማስወጫ ቱቦ ጫፉ ላይ ወንፊት ተደርጎበት ከተተከለ ዝንቡ ወደ ብርሃኑ ይወጣና እዚያው ተይዞ ይሞታል። ይህን ዓይነቱን በ1970ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ የሠሩት ሲሆን ዛሬ ብዙ የአፍሪካ አገር ይጠቀምበታል። ለአረጋውያን መቀመጫ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሴራሚክም ከፈለጋችሁ አድርጉበት።

ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩበት ትንሽ የገጠር ከተማ ከሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍር ማለት አያዋጣም። መሬት ካለ መብራትም ሞተርም የማይፈልጉ መንገዶች አሉ። አንዱ የማረጋጊያ ኩሬ ነው፦ የመጀመሪያው ኩሬ ከ2 እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ኖሮት ከባዱን ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው 1 ወይም 2 ሜትር ሆኖ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፤ የመጨረሻው ጥልቀት የሌለውና ፀሐይ እስከ ታች የምትደርስበት ነው። የትል እንቁላል በጊዜ ብዛት ይዘቅጣል፣ ባክቴሪያውን ፀሐይዋ ትገድለዋለች። ሌላው ጠጠር ሞልቶ ሸምበቆ ወይም ፊላ የሚተከልበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ነው፤ ፍሳሹ መጀመሪያ በማረጋጊያ ታንክ ካላለፈ ግን ጠጠሩ በአጭር ጊዜ ይደፈናል። ሁለቱም አጥር ይፈልጋሉ። ልጅም ከብትም እንዳይገባበት፤ ዳርቻው ካልታጨደ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እንደዚህ ዓይነት ነገሮች የሚበላሹት በአሠራር ስህተት ሳይሆን ከምረቃው በኋላ ደለሉን የሚያወጣና ሣሩን የሚያጭድ ሰው ባለመቀጠሩ ነው።

ከተማ ያለነውንም ይመለከተናል። ያልተጣራ ፍሳሽ የገባበት ወንዝ ላይ የለማው ሰላጣ የሚሸጠው እኛ ገበያ ነው። ቆስጣና ጎመኑስ ይበስላል፤ ሰላጣው ነው የሚያሳስበኝ።

አንድ ነገር ደግሞ በደማቁ ያዙልኝ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው አይግባ። ስልክ ቢወድቅም፣ ለማጽዳትም፣ «አንድ ደቂቃ ነው» ብሎም። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ (በተለይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ) መጀመሪያ ላይ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያጠፋዋል፣ በሁለት ሦስት ትንፋሽ ሰው ይወድቃል። ከዚያ «ወንድሜ ወደቀ» ብሎ ሊያወጣው የገባውም ይቀራል። አንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚወስደው በዚህ መንገድ ነው። ደለሉ ከነአረፋው ከታንኩ ጥልቀት ሲሶውን ሲይዝ መጣጭ መኪና ይጠራል። መኪናው የሚደርስበት መንገድ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሴፕቲክ ባይሠራ ይሻላል።

ተከታታያችንን ያልኩት ይህን ነው። ሥራው እስኪስተካከል ድረስ ከዚያ የውሃ ጉድጓድ መጠጣት ይቁም። ከቦኖ የሚቀዳ ውሃ ከተገኘ እሱን፣ ካልተገኘ አፍልቶ አቀዝቅዞ ክዳን ባለው ጀሪካን ማስቀመጥ። ክሎሪን ለባክቴሪያው ጥሩ ነው፣ ጃርዲያ ላይ ግን እንደ ማፍላት አይተማመኑበትም። ሆኖም ማፍላት የማይፈታው አንድ ነገር አለ፦ ከሽንት የሚመጣው ናይትሬት። ሲፈላ አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ የሆነ ውሃ ጨቅላ ሕፃን ወተት ቢበጠበጥበት የሕፃኑ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ስለዚህ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ የእናት ጡት ብቻ። ውሃውን ማስመርመር ከፈለጋችሁ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ያሉትን የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች (ድሮ ሳኒተሪያን የምንላቸውን) ጠይቁ፤ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድና የት እንደሚላክ ይነግሯችኋል።

ለታመመው ሰው ደግሞ፦ ተቅማጥ ሲኖር ኦ አር ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ለሕፃናት ከዚንክ ጋር። ደም የተቀላቀለበት ከሆነ፣ የሩዝ ውሃ መስሎ በብዛት ከወረደ፣ ትኩሳቱ ሦስት ቀን ካለፈ፣ የልጁ ዓይን ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ቤት አይቆይ፤ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከዚያ በመለስ ግን «የበረታ አንቲባዮቲክ» በራሳችሁ እየገዛችሁ አትላኩላቸው።

እናቱ መጀመሪያ ላይ አልተስማሙም ነበር። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ «30 ዓመት የጠጣሁት ውሃ ዛሬ ምን ሆነ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ውሃው 28 ዓመት ደህና ነበር። እህትየው ጎረቤት ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠርታ አብረው ተነጋገሩና አሁን ከቦኖ እየቀዱ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ለከብትና ለልብስ ሆኗል።

የአፈር ፈተናውንም ልጁ ራሱ በሳምንቱ መጨረሻ ሄዶ አደረገው። ሌሊቱን አሳድሮ በማግሥቱ ለካ። 2 ሳንቲም ተኩል ለመውረድ ሦስት ሰዓት ፈጀበት። «ዶክተር፣ ሴራሚኩ ሊፈርስ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። አይፈርስም። ቤቱና መቀመጫው ባለበት ይቆያል፤ የውሃ ማጠቢያው ይዘጋል፣ የድሮው ጉድጓድ ተመጥጦ ይደፈናል፣ ከኋላው ከመሬት ከፍ ያሉ ሁለት የግንብ ጉድጓዶች ይሠራሉ። ብሎኬቱን ትናንት አስጭኗል። ከውሃ ጉድጓዱ ያለው ርቀት ግን አሁንም 12 እርምጃ ስለሆነ የጉድጓዶቹ ወለል በቤቶን እንዲለሰን ነግሬዋለሁ።

እናንተስ፣ ገጠር ያለው የቤተሰቦቻችሁ ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ በመሃላቸው ስንት እርምጃ አለ? ዛሬ ስትደውሉ ጠይቁና በኮሜንት ጻፉልኝ፤ የአፈሩን ዓይነትና የቱ ከፍ እንደሚል ጨምሩበት፣ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።